ማስታወቂያን በቀጠሮ የሚለጥፍ መሣሪያ፦ መዋጮው ያስፈልገናል ወይ?

የተከበራችሁ የሠፈራችን ነዋሪዎች፣ በተለይም በንግድ ሥራ ላይ ያላችሁ አባሎቻችን፤

በሚቀጥለው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው። የሱቅ፣ የዳቦ ቤት፣ የልብስ ስፌትና የምግብ ቤት ባለቤቶች የሆኑ አባሎቻችን በየወሩ ገንዘብ አዋጥተው፣ ማስታወቂያቸውን በፌስቡክና በሌሎችም ገጾች ላይ በቀጠሮ የሚለጥፍ የውጭ አገር መሣሪያ በጋራ ይከራዩ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያመጡት ወጣቶች ለሠፈራቸው አስበው ነውና ሊመሰገኑ ይገባል። እኔ ግን በበኩሌ መዋጮው አያስፈልግም ባይ ነኝ። ምክንያቴንም ሁሉም አንብቦት እንዲመጣ እዚህ ሰሌዳ ላይ አስፍሬዋለሁ። ይህ የጸሐፊው አስተያየት እንጂ የኮሚቴው ውሳኔ አይደለም።

ነገሩ ምንድን ነው ለምትሉ፣ እንዲህ ነው። ዳቦ የምትጋግር እናት ጎህ ሲቀድ እጇ ሊጥ ውስጥ ነው፤ ስልክ ልትነካካ አትችልም። ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወርድ ነጋዴም ቀኑን ሙሉ ከሻጭና ከገዢ ጋር ሲከራከር ነው የሚውለው። እነዚህ ሰዎች እሑድ ማታ አረፍ ብለው የሳምንቱን ማስታወቂያ ጽፈው፣ ፎቶውን አያይዘው፣ «ይሄ ማክሰኞ ጠዋት ይውጣ፣ ይሄ ሐሙስ ማታ ይውጣ» ብለው ሊያዝዙት ይችላሉ። የተቀጠረው ነገር የሚቀመጠው በኩባንያው ኮምፒዩተር ላይ ስለሆነ፣ መብራት ቢጠፋም ስልኩ ቢዘጋም በሰዓቱ ይወጣል። ይሄ እውነትም ጠቃሚ ነገር ነው፤ እኔም አልቃወመውም። የምቃወመው ለዚህ ሲባል በዶላር መክፈልን ነው።

አንደኛ፣ ስለ ገንዘቡ እንነጋገር። በዓለም ላይ ስሙ ከገነነው አንዱ ሁትስዊት የሚባለው የካናዳ ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከተመሠረተ ጀምሮ ለብዙ ዓመት በነፃ የሚሠራበት መንገድ ነበረው፤ በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. ግን ነፃውን አቆመ። በዚያን ጊዜ ትንሹ ክፍያ በወር 99 ዶላር ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገና ዶላሩም ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ያን ያህል ዶላር ማለት በወር ከአሥር ሺህ ብር በላይ ነው። ለአንድ ትንሽ ሱቅ ይሄ የቤት ኪራይ ነው እኮ! ባፈር የሚባለው ሌላው መሣሪያ ሦስት ገጽ ድረስ በነፃ ያስተናግዳል፤ እሱ ይሻላል። ነገር ግን ሁለቱም ቢሆኑ በዋናነት የተሠሩት ለፌስቡክና ለመሳሰሉት ገጾች እንጂ ለቴሌግራም አይደለም። የእኛ ደንበኛ ደግሞ፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ ጫማና ልብስ መርጦ «ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው በአብዛኛው በቴሌግራም ነው። ደንበኛችን ለሌለበት ገጽ ለምን እንከፍላለን?

ሁለተኛ፣ በእጃችን ያለውን እንወቅ። ቴሌግራም የቀጠሮውን ነገር በውስጡ ያስገባው በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። መልእክቱን ትጽፉና የመላኪያዋን ምልክት ጫን አድርጋችሁ ስትይዟት፣ ቀንና ሰዓት የምታስገቡበት ምርጫ ይመጣል። በቻናልም ይሠራል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ለፌስቡክና ለኢንስታግራም ደግሞ ኩባንያው ራሱ ያዘጋጀው ሜታ ቢዝነስ ስዊት የሚባል አለ፤ እሱም ነፃ ነው። የሚሠራው ግን ለሥራ በተከፈተ ገጽ እንጂ በግል ስማችሁ በከፈታችሁት ላይ አይደለም። ቲክቶክም በኮምፒዩተር በኩል ቪዲዮ በቀጠሮ ያስይዛል። ታዲያ ይሄ ሁሉ በነፃ እያለ መዋጮው ለምንድን ነው?

ሦስተኛ፣ መሣሪያው የእኛን ሰዓት አያውቅም። በዚህ ነገር ብዙ ሰው ሲሳሳት ይታያል። አንድ የኮምቦልቻ ባለ ምግብ ቤት «ትኩስ ፉል ደርሷል» የሚለውን ጠዋት በ1 ሰዓት እንዲወጣለት ፈልጎ 1 ብሎ ሞላ። መሣሪያው ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረውና ማስታወቂያው ከሌሊቱ በ7 ሰዓት ወጣ። ደንበኞቹ ጠዋት ሲያዩት ምን ያህል እንደሳቁበት እናንተው ገምቱት። ስለዚህ ይህን ያዙ፦ በቀን ሰዓት ላይ 6 ደምሩ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት 8 ነው። በማታው ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ 18 ደምሩ፤ ማታ 2 ሰዓት ማለት 20 ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ግን 6 ቀንሱለት፤ ሌሊት 11 ሰዓት 5 ይሆናል። ቀኑንም ቢሆን በእነርሱ አቆጣጠር ነው የሚጠይቃችሁ። የውጭ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ የሰዓት ክልሉ የአዲስ አበባ ወይም የናይሮቢ መሆኑን ሳታዩ አትጀምሩ፤ የለንደን ከሆነ በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ይዘገይባችኋል።

አራተኛና ዋናው ነገር፣ መሣሪያ የሠፈሩን ኑሮ አያውቅም። የዕድራችን ጡሩንባ ነፊ በየትኛው ደጅ ላይ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ ያውቃል፤ መሣሪያ ግን ይህን ከየት ያመጣዋል? አንድ ጊዜ በአንድ ግቢ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ቀብር ውሎ ሲመለስ፣ ከዚያው ሠፈር ሱቅ ገጽ ላይ «የደስታ ቅናሽ! ዛሬ ብቻ!» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ባለ ሱቁ ራሱ ሬሳ ተሸክሞ ነበር የዋለው፤ ክፉ ልብ ኖሮት አይደለም። ከአምስት ቀን በፊት የቀጠረው ነው የወጣው። ሰው ግን ያንን አይጠይቅም፤ «ጎረቤቱ ሞቶ እሱ ይነግዳል» ነው የሚለው። በወሎ እንዲህ ዓይነት ነገር በአንድ ቀን አይረሳም።

በዓልም እንደዚሁ ነው። ገና በታወቀ ቀን ነው የሚመጣው፤ ኢድ ግን ጨረቃ መታየቷን ይጠብቃል። «ኢድ ሙባረክ» ብሎ በቀጠሮ ያስቀመጠ ሰው፣ ጨረቃዋ በዚያ ሌሊት ካልታየች፣ ጎረቤቱ ገና ጾመኛ ሆኖ ሳለ እንኳን አደረሰህ ሊል ነው። በዐቢይ ጾም የሥጋ ፎቶ፣ በረመዳን ቀትር ላይ የምሳ ፎቶ በቀጠሮ መልቀቅም ደንበኛን ማስቀየም ነው። ሁለቱንም ጾም በአንድ ሠፈር የምንኖር ሰዎች ነን፤ ይሄን እኛ ካላሰብንበት መሣሪያው አያስብልንም።

ዋጋንም በቀጠሮ አትልቀቁ። ዘይትና ሽንኩርት ማታ የነበረበት ዋጋ ጠዋት ላይ ላይገኝ ይችላል። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ድረስ የመጣ ገዢ፣ በስልኩ ያየውን ዋጋ ሱቅ ውስጥ ቢያጣው ተጣልቶ ነው የሚመለሰው፤ ደግሞም እውነት አለው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በቀጠሮ የሚለቀቀው የማይለወጠው ነገር ይሁን፦ ሱቁ የሚከፈትበት ሰዓት፣ የዕቃው ዓይነትና ፎቶ፣ ለበዓል ትዕዛዝ የሚቀበሉበት የመጨረሻ ቀን።

አምስተኛ፣ ቁልፉ በማን እጅ ነው? በጋራ መሣሪያ ስንገባ የሁላችንም ገጽ በአንድ ሰው እጅ ይገባል። ያ ልጅ ነገ አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ቢሄድስ? የወንድሟ ልጅ በራሱ ስልክ ቁጥር ቻናል ከፍቶላት፣ እሱ አገር ሲለቅ ደንበኞቿን ሁሉ ያጣች እናት በሠፈራችን አለች። ገጹን ባለቤቱ በራሱ ስልክ ቁጥር ይክፈት። የሚረዳውን ልጅ በቴሌግራምም ሆነ በፌስቡክ ገጽ አስተዳዳሪ አድርጎ ማስገባት ይቻላል፤ የይለፍ ቃል መስጠት አያስፈልግም። ሲለያዩም ስሙን ማውጣት ነው፤ ቂምም የለበትም።

ስድስተኛ፣ ያየነውን አንርሳ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በነበረ ጊዜ እንኳን ማስታወቂያ፣ የዘመድ ድምፅም ብርቅ ነበር። ከየካቲት 2 እስከ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገራችን ታግደው ቆይተዋል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። እንዲህ ባለ ጊዜ በቀጠሮ የተቀመጠ ነገር ውጭ ላሉት ደንበኞች መውጣቱን ይቀጥላል፤ ባለቤቱ ግን ሊያቆመውም ለጠያቂ ሊመልስም አይችልም። «ብር ልኬ ዕቃ አልመጣልኝም» የሚለው ጠብ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ቀጠሮው ከአንድ ሳምንት አይለፍ። የቋሚ ደንበኞቻችሁን ስልክ ቁጥርም በደብተር ላይ ጻፉት፤ ደብተር ኔትዎርክ አይፈልግም።

ትልልቅ ሱቆች ብዙ ገጽ ስላላቸው የሚከፈልበት መሣሪያ ሊጠቅማቸው ይችላል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ አምስት ቅርንጫፍና የራሱ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ይክፈል። እኛ ጋ ግን ባለቤቱም ሻጩም ጠራጊውም አንድ ሰው ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው በእጁ ያለውን መጠቀም መልመድ ነው።

ስለዚህ ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። መዋጮው ይቅር። በምትኩ ሐሳቡን ያመጡት ወጣቶች በሁለት እሑዶች በማኅበሩ አዳራሽ የቴሌግራሙንና የፌስቡኩን ቀጠሮ አያያዝ ያሳዩን፤ ለድካማቸው ማኅበሩ አበል ይክፈላቸው። በሠፈሩ ለቅሶ ሲኖር ደግሞ ጡሩንባው እንደተሰማ እያንዳንዱ ባለ ሱቅ ስልኩን ከፍቶ የዕለቱን ቀጠሮ እንዲያቆም እንስማማ። ይህም በቃለ ጉባዔ ይያዝልን።

የተለየ አስተያየት ያላችሁ ጽፋችሁ በሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን ጨምሩት፤ በስብሰባው ላይ ይነበባል። ሐሳቤ ቢሸነፍም እንኳ ደብተሩን ይዤ የተወሰነውን በታማኝነት እጽፋለሁ። ብቻ እንዳትቀሩ።

ከሠላምታ ጋር፣
የማኅበሩ ጸሐፊ