ጥርስ ከመለወጥ በፊት ጎማ መለካት

ባለፈው ዓመት አንድ የፋኩልቲያችን ተማሪ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ዕቃ እያደረሰ የሚተዳደርበትን ሞተር ሳይክል ይዞ ወደ ወርክሾፓችን መጣ። የኋላ ቸርኬው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ስለተጣመመ፣ ባለ 18 ኢንች የነበረውን በገበያ ባገኘው ባለ 17 ኢንች አስለውጦታል። «ጎማው ስላነሰ መጎተት ያቅተዋል» ብሎ በመስጋትም፣ በሰው ምክር ከፊት ያለውን ባለ 15 ጥርስ መዘውር በባለ 14 አስተክቷል። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ይጮኻል፤ ነዳጁም ቶሎ ያልቃል። ሌላ መዘውርና ሌላ ሰንሰለት ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ምን እንደምንል ሊሰማ ፈልጎ ነበር።

ይህ ተማሪ የመካኒክስን ትምህርት በጥሩ ውጤት ያለፈ ነው። የመዘውሮችን ጥምርታ በፈተና ወረቀት ላይ አስልቶ ያውቃል። ኪሱን በነካው ጊዜ ግን ያው ስሌት ትዝ አላለውም። እኛን ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሳሳን ከሞተር ሳይክሉ ጩኸት ይልቅ ይህ ነገር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። የሞተሩ ጉልበት በማርሽ ሳጥኑ አልፎ ከፊት ወዳለው ትንሽ ባለ ጥርስ መዘውር ይደርሳል፤ ሰንሰለቱ ያንን ዙረት ከኋላ ወዳለው ትልቅ መዘውር ያስተላልፋል። ከፊት 15፣ ከኋላ 42 ጥርስ ካለ፣ የኋላው ጎማ አንድ ጊዜ እንዲዞር የፊቱ መዘውር 42 ለ15፣ ማለትም 2.8 ጊዜ መዞር አለበት። አብዛኛው ሰው ስሌቱን እዚህ ላይ ያቆማል። በእኛ እምነት ስህተቱ ሁሉ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። ሞተር ሳይክሉን ወደፊት የሚያስኬደው መሬት የነካው ላስቲክ እንጂ መዘውሩ አይደለም። ስለዚህ የኋላ ጎማው ራሱ የመጨረሻው ማርሽ ነው። ጎማውን የለወጠ ሰው አንድም ጥርስ ሳይነካ ማርሹን ለውጧል።

ለውጡ በየትኛው አቅጣጫ ነው? ጎማውን የሚያዞረው ኃይል መሬቱን የሚገፋበት መጠን፣ የማዞሪያው ጉልበት ለጎማው ሬዲየስ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሬዲየሱ ሲያንስ ግፊቱ ይጨምራል። እንግዲህ ትንሽ ጎማ ጉልበት ይቀንሳል የሚለው ፍርሃት የተገለበጠ ነው፤ ትንሽ ጎማ የሚቀንሰው በአንድ ዙር የሚሸፈነውን መንገድ ነው። የተማሪያችን አሮጌ ጎማ 3.00-18፣ አዲሱ 3.00-17 የሚል ጽሑፍ አለበት። በእንዲህ ዓይነቱ የኢንች አጻጻፍ የላስቲኩ ቁመት ከስፋቱ ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ወርድ 18 ሲደመር 3 ሲደመር 3፣ ማለትም 24 ኢንች፣ የሁለተኛው 23 ኢንች ገደማ ነው። ጎማው በ24 ለ23 ጥምርታ ማርሹን ቀድሞ አሳጥሮታል፤ በዚያ ላይ የፊቱ መዘውር 15 ለ14 ጨመረበት። ሁለቱ ሲባዙ 1.118 ይሆናሉ። ቀድሞ በደቂቃ 6000 ጊዜ ይዞር በነበረበት ፍጥነት ሞተሩ አሁን 6700 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ጩኸቱ ከዚህ የመጣ ነው።

ይህ የእኛ የወረቀት ጨዋታ እንዳይመስል፣ አንድ ፋብሪካ የሠራውን እንይ። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ2000 ዲአር-ዚ 400 ኤስ የተባለ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን ሞተር ሳይክል ለገበያ አቀረበ። በ2005 ደግሞ በዚያው 398 ሲሲ ሞተር፣ ነገር ግን ለአስፋልት በሚስማሙ ባለ 17 ኢንች ጎማዎች፣ ኤስኤም የተባለውን አወጣ። የመጀመሪያው የኋላ ጎማ 120/90-18፣ የሁለተኛው 140/70-17 ነው። በዚህ አጻጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር የላስቲኩ ስፋት በሚሊሜትር፣ ሁለተኛው ቁመቱ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ሦስተኛው የቸርኬው ወርድ በኢንች ነው። አንባቢ እርሳስ ይዞ ቢከተለን፣ የፊተኛው መጠነ ዙሪያ 2115 ሚሊሜትር፣ የኋለኛው 1972 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ ያገኘዋል። የኤስ መዘውሮች 15 እና 44 ጥርስ አላቸው። 44ን በ1972 አባዝተን ለ2115 ብናካፍል 41.03 ይመጣል። ፋብሪካው በኤስኤም ላይ ከኋላ የገጠመው መዘውር ስንት ጥርስ አለው? 41። መሐንዲሶቹ በምን መንገድ እንደደረሱበት አናውቅም፤ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ በሚችለው ማባዛትና ማካፈል ግን እዚያው ይደረሳል።

«መካኒኮቻችን ያለ ስሌት በጆሯቸው ሰምተው ያስተካክሉ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ያስተካክላሉ፤ እኛም ጆሯቸውን አንንቅም። የሠለጠነ ጆሮ መለኪያ ነው። ነገር ግን «ከፊት አንድ ጥርስ ቀንስ» የሚለው ምክር የተወለደው ጎማው ሳይለወጥ አቀበት ላስቸገረው ሰው ነው፤ ጎማው ሲለወጥ ምክሩ ከልኩ ያልፋል። ከፊት 15 ባለበት አንድ ጥርስ ማለት ወደ 7 በመቶ የሚጠጋ ለውጥ ነው፤ ከኋላ 42 ባለበት ግን አንድ ጥርስ 2.4 በመቶ ብቻ ነው። ለጥቃቅን ማስተካከያ የኋላው የሚመረጠው ስለዚህ ነው። የፊቱ ርካሽና ለመለወጥ ቀላል መሆኑ ብዙዎችን ያታልላል። በዚያ ላይ የፊቱ መዘውር ባነሰ ቁጥር ሰንሰለቱ በየዓይኑ ይበልጥ ይታጠፋል፤ በ15 ጥርስ 24 ዲግሪ፣ በ12 ጥርስ 30 ዲግሪ። መዘውሩ ክብ ቢመስልም ለሰንሰለቱ ባለ ብዙ ጎን ቅርጽ ስለሆነ፣ የሰንሰለቱ ፍጥነት በእያንዳንዱ ጥርስ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ይህ መዋዠቅ በ15 ጥርስ 2.2 በመቶ፣ በ12 ጥርስ 3.4 በመቶ ይደርሳል። ሰንሰለት ቶሎ የሚያልቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከገንዘብ የከበደም ነገር አለ። በአንዳንድ ሞተር ሳይክሎች የፍጥነት መለኪያው የሚያነበው ከማርሽ ሳጥኑ መውጫ ነው። በእነዚህ ላይ ትልቅ ጎማ ገጥሞ ጥርሱን እንደነበረ የተወ ሰው፣ መለኪያው 60 እያለው ከ60 በላይ ይነዳል። ጥርሱ ለጎማው ከተመጣጠነ ንባቡ በራሱ ይስተካከላል። መለኪያው ከፊት ጎማ የሚያነብ ከሆነ ግን የኋላው ለውጥ አይነካውም፤ ስለዚህ ሽቦው ከየት እንደሚነሳ አስቀድሞ ማየት ይገባል። ሁለተኛው የቁልቁለት ነገር ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ ሲወረድ ከ1000 ሜትር በላይ ዝቅ ይባላል። ማርሹ ሳይስተካከል በትልቅ ጎማ የሚወርድ ሰው ከሞተሩ የሚያገኘው የመያዝ ኃይል ስለሚቀንስ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይታመንም።

ሚዛኑን ጠብቁ ስንል የፋብሪካው ቁጥር አይነካ ማለታችን አይደለም። አዲስ አበባ ባለችበት ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 20 በመቶ ገደማ የሳሳ በመሆኑ፣ ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ጭነት እየያዘ አቀበት የሚወጣ ሰው ከኋላ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ቢጨምር እንደግፈዋለን። የምንቃወመው መነሻውን ሳያውቅ የሚጨምረውን ነው።

ከስሌቱ ሌላ ሊታዩ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። 428 የተባለው ሰንሰለት ከዓይን ዓይን 12.7 ሚሊሜትር፣ 520 የተባለው 15.875 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ከሌላ ሞተር ሳይክል የመጣ ጎማ ይዞት የመጣው መዘውር ከነባሩ ሰንሰለት ጋር ላይገጥም ይችላል። ሁለቱ መዘውሮች በአንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ከኋላ ሦስት ጥርስ ሲቀነስም ሰንሰለቱ ስለሚረግብ፣ በ520 ሰንሰለት የጎማው ዘንግ 12 ሚሊሜትር ገደማ ወደ ኋላ መሳብ ይኖርበታል፤ ማስተካከያው ያን ያህል ቦታ ከሌለው ሰንሰለት ማሳጠር ግድ ነው።

በተማሪው ላይ ለደረሰው መካኒኩን አንወቅስም። ወቀሳው የእኛ የመምህራኑ ነው። በክፍል ውስጥ የምንስለው መዘውር ላስቲክ የለውም፤ መሬትም አይነካም። በቤተ ሙከራ የምናስለካው ሬዲየስ የናስ ሲሊንደር ነው። በፋኩልቲው በር በየቀኑ ስንት ሞተር ሳይክል ያልፋል! አንዱን አስቁመን፣ ባለቤቱን አስፈቅደን፣ የአንድ ሰዓት ትምህርት ብናደርገው ምን ይከለክለናል? ጎማው ላይና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ ባለቤቱ ተቀምጦበት አምስት ሙሉ ዙር ይገፋል፤ የተሄደው ርቀት ለአምስት ይካፈላል። ላስቲክ በሰው ክብደት ስለሚተኛ፣ በዚህ መንገድ የሚገኘው መጠነ ዙሪያ ከጎማው ጽሑፍ ከሚሰላው ጥቂት ያንሳል፤ ለምን እንዳነሰ መጠየቅም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

በተማሪያችን ሞተር ሳይክል ላይ ይህንኑ አደረግን። ሜትር ስላልነበረን በሲባጎ ለካን። ስሌቱ የፊቱ ወደ 15 ተመልሶ የኋላው 40 እንዲሆን ይጠይቃል። ተማሪው ባለ 40 ጥርስ ፈልጎ አጣ፤ ባለ 41 አገኘ። ከቀድሞው ማርሽ በ2 በመቶ ገደማ ያጥራል። «ለሽሮ ሜዳ አቀበት ይሁነኝ» ብሎ ገጠመው።