ካርዱን ከመውቀሳችን በፊት

በማኅበራችን ክፍል የሚገኘው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ተለይቶ እንደ ጽሕፈት መኪና ብቻ ሲያገለግለን መቆየቱን አባሎች ሁሉ ያውቃሉ። የኔትዎርክ ገመድ እስከ ክፍሉ ስለማይደርስ ከመዋጮአችን ተቀንሶ የዋይፋይ ካርድ እንዲገዛ ተወሰነ። ካርዱ ተገዛ፤ ተገጠመም፤ ነገር ግን አልሠራም። ዛሬ ለመጻፍ ያነሣሣን ግን የካርዱ አለመሥራት ሳይሆን፣ በዚያ ምክንያት እኛ የፈጸምነው ስሕተት ነው።

ምንም ሳንመረምር ወደ ሻጩ ሄደን በደንበኞቻቸው ፊት «የተበላሸ ዕቃ ሸጡልን» ብለን ወቀስናቸው። እርሳቸውም ያለ ብዙ ክርክር ካርዱን ለወጡልን። ሁለተኛውም ካርድ እንደ መጀመሪያው ዝም አለ። ሁለት ካርዶች ተከታትለው መበላሸታቸው አጠራጣሪ ሆነብንና፣ አስቀድመን ልናደርገው ይገባን የነበረውን ምርመራ ያን ጊዜ ጀመርን።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ኮምፒውተሩ ካርዱን ያየዋልን?» የሚል ነው። ይህን ለማወቅ በዊንዶውስ ውስጥ «ዲቫይስ ማኔጀር» የሚባለውን ዝርዝር መክፈት ይበቃል። ካርዱ ፈጽሞ ካልታየ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቅሎ፣ በሰውነታችን የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ የሣጥኑን ብረት ነክቶ፣ ካርዱን በማዘርቦርዱ ላይ ካለው ማስገቢያ አውጥቶ እስከ መጨረሻው አጥብቆ መመለስ ነው። በእኛ ዝርዝር ላይ ግን «ኔትዎርክ ኮንትሮለር» የሚል ስም ከቢጫ ምልክት ጋር ተጽፎ ቆየን። እንግዲህ ኮምፒውተሩ ካርዱን አይቶታል፤ የጎደለው ሁለቱን የሚያግባባው ድራይቨር የተባለው ፕሮግራም ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ድራይቨሩ ከወዴት ይምጣ?» የሚል ሆነ። ከካርዱ ጋር የመጣው በሲዲ ላይ ነው፤ ኮምፒውተራችን ደግሞ ሲዲ ማንበቢያ የለውም። ከኢንተርኔት እንዳናወርድ ኢንተርኔት የሚገኘው በዚያው ድራይቨር ነው። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን። መውጫው ግን በየኪሳችን ነበር። ስልክን ዳታ በሚያስተላልፍ ገመድ ከኮምፒውተሩ አገናኝቶ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ»ን ቢከፍቱ የስልኩ ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ይደርሳል፤ ወይም በሌላ ኮምፒውተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። የሚወርደውን ድራይቨር ለመምረጥ በካርቶኑ ላይ ያለው ስም ብቻውን አይበቃም፤ የውስጡን ቺፕ ሌላ ኩባንያ ሊሠራው ይችላልና። በዲቫይስ ማኔጀር የካርዱ መለያ ቁጥር ውስጥ «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ 8086 ቢገኝ ቺፑ የኢንቴል ነው፤ 10ኢሲ ቢገኝ የሪልቴክ ነው።

ድራይቨሩ ከገባ በኋላ የኔትዎርኩ ስም ታየ፤ ሆኖም እየተቆራረጠ አስቸገረን። ሦስተኛው ጥያቄ ስለ አንቴና ነበር። እናፍራለን፤ ሁለቱ አንቴናዎች ገና በካርቶኑ ውስጥ ነበሩ! ከኮምፒውተሩ ጀርባ አጥብቀን አሰርናቸው፤ ሣጥኑንም ከጠረጴዛው ሥር ከግድግዳው ጥግ አወጣነው። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ያደክመዋልና ራቅ ብሎ የሚደርሰውን 2.4 ጊጋኸርዝ መረጥን። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ያለ ችግር እየሠራ ነው።

የመጀመሪያውም ካርድ ደኅና እንደ ነበረ አሁን አንጠራጠርም። ወደ ሻጩ ተመልሰን ይቅርታ ጠይቀናል። ነገር ግን ወቀሳውን የሰሙት ደንበኞች ይቅርታውን አልሰሙም፤ ይህን ልንመልሰው አንችልም።

«እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን፤ ይህ የኢንጂኒየሮች ጉዳይ ነው» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እኛም እንዲሁ እንል ነበር። ሆኖም በታሪክ ክፍላችን ምስክር ሳይመረመር ፍርድ እንዳይሰጥ፣ በሎጂክ ክፍላችንም ከአንድ ምክንያት ወደ ሌላው በተራ እንድንሄድ እየተማርን፣ አንድ ብረት ሣጥን ፊት ስንደርስ ይህን ሁሉ ለምን ጣልነው? ከላይ ከዘረዘርነው ውስጥ የኢንጂኒየሪንግ ዲግሪ የሚጠይቅ አንድም የለም። የተቃጠለ ማዘርቦርድ ወይም ፓወር ሰፕላይ ሲያጋጥም በእርግጥ ለባለሙያ መስጠት ይገባል፤ ለባለሙያውም ቢሆን ምን እንደ ሞከርን መንገር ከቻልን ጊዜውንም ገንዘባችንንም እናተርፋለን።

ስለዚህ ከኮምፒውተሩ አጠገብ አንድ ደብተር እንዲቀመጥ እናሳስባለን። ብልሽት ያገኘ ሁሉ ያየውን፣ የሞከረውንና ያገኘውን ውጤት ይጻፍበት፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን ሳያይ ወደ ሌላው አይለፍ። የመጀመሪያውን ገጽ እኛ ጽፈናል፤ ሻጩን የወቀስንበትንም ቀን አልተውንም።