የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም

የመርማሪ ፖሊስ ተግባር እውነትን ፈልጎ ማግኘት ነው። ቃልን በዱላ ማውጣት በጀመረበት ዕለት ግን መርማሪው የሕግ አገልጋይነቱ አክትሞ የጨቋኞች አለንጋ ይሆናል። የአሜሪካዊው የቺካጎ ከተማ መርማሪ የጆን በርጅ ታሪክ ለዚህ ዓይነተኛ ማስረጃ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1972 እስከ 1991 ዓ.ም. በርጅና የሚያዛቸው መርማሪዎች ከ100 የሚበልጡ ሰዎችን፣ ይኸውም በአብዛኛው ጥቁሮችን፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት፣ በፕላስቲክ ከረጢት በማፈንና በድብደባ አሰቃይተዋል። በዚህ መልክ የተገኘው የእምነት ቃል በየፍርድ ቤቱ እየቀረበ ንጹሐንን ሳይቀር ለእሥራትና ለሞት ፍርድ ዳርጓል።

ይህ የአንድ ጨካኝ ግለሰብ ጥፋት ብቻ ነበር ለማለት አንችልም። በ1982 አንድ የእሥር ቤት ሐኪም የእሥረኛን ቁስል ተመልክተው ምርመራ እንዲካሄድ ለከተማው ፖሊስ የበላይ አዛዥ ጻፉ። ጉዳዩ ለዐቃቤ ሕጉ ለሪቻርድ ዴሊ ተላለፈ፤ በመርማሪዎቹ ላይ ግን ክስ አልተመሠረተም። ከዚያ በኋላ በርጅ በሹመት ላይ ሹመት ተጨመረለት፤ ዐቃቤ ሕጉም በ1989 የከተማይቱ ከንቲባ ሆነ። እያወቀ ዝም ያለ ሹም አለንጋውን አቀባይ ነው።

በርጅ ከሥራ የተባረረው በ1993 ነው። ግፉ በይርጋ ስለታገደ በ2010 ጥፋተኛ የተባለው በሐሰት በመማሉና የፍትሕን ሥራ በማደናቀፉ ሲሆን፣ የተፈረደበትም አራት ዓመት ተኩል እሥራት ነው። የጡረታ አበሉ እንኳ ሳይቋረጥ በ2018 ሞተ። የቡርዧው ሕግ ሐሰቱን ቀጣ፤ ግፉን ግን ሳይነካው አለፈ።

ሆኖም የተወጋው አልረሳም። በ2003 የኢሊኖይ ገዥ ሞት ከተፈረደባቸው መካከል ለአራቱ ምሕረት አደረጉ። በ2015 የከተማው ምክር ቤት የ5.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈቀደ፤ ታሪኩም በትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ወሰነ። ይህ የገዥዎች ቸርነት ሳይሆን የተጠቂዎች፣ የእናቶቻቸውና የጠበቆቻቸው የረዥም ዘመን ትግል ፍሬ ነው።

«ጠንካራ ክንድ ከተማን ያጸዳል» የሚሉ ወገኖች ዛሬም አሉ። እኛ ግን ፍርሃት ጸጥታ አይደለም እንላለን። ንጹሕ ሰው ተገዶ ባመነ ቁጥር እውነተኛው ወንጀለኛ በየሰፈራችን በነፃ ይመላለሳል። ስለዚህ በየሰፈሩ የተደራጀው ነዋሪና በየፋብሪካው ያለው ሠራተኛ ሌባን እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ በስሙ የሚሠራውን የመርማሪ እጅም ነቅቶ ሊጠብቅ ይገባዋል!