ቆሼ በቶን ብቻ አይለካም

በቆሼ ቆሻሻ መጣያ፣ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራው የረጲው ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን፣ የአዲስ አበባን ቆሻሻ 80 በመቶ ያህል ይረከባል መባሉ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። በነሐሴ 2010 ሲመረቅ ስንሰማው የነበረው ይኸው ቁጥር ነው። የከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የምግብ ትራፊና ልጣጭ ነው፤ እርጥብ ነው፤ በክረምት ደግሞ ይብሱን ይርሳል። እርጥብ ነገር ምድጃ ሲገባ ውሃው እስኪተን ድረስ ሙቀቱን ይጨርሳል። ብዙ ቶን አስገብቶ ብዙ ኃይል መጠበቅ አይቻልም። ደህና አድርጎ የሚነደው ፕላስቲክና ወረቀት ነው። እሱን ደግሞ የቆሼ ሰዎች ጫፉ በተቆለመመ ብረት ከክምሩ እየለቀሙ ይሸጡታል፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ነው። ምድጃው እንዲጠግብ ከተፈለገ የእነሱ እንጀራ መቃጠል አለበት። ይህን ሒሳብ ከ80 በመቶው ጎን አስቀምጦ የነገረን ባለሥልጣን አልሰማሁም። ሁሉም ነገር ቶን ሲሆን ሰዎቹ ከሒሳቡ ይወጣሉ።

በቶን ሳይሆን አንድ በአንድ የቆጠረ ሰው ግን አለ። እንግሊዛዊው የሥነ ጥበብ ሰው ማይክል ላንዲ በ2001 እ.ኤ.አ. ለንደን፣ ኦክስፎርድ ጎዳና ላይ በተዘጋ መደብር ውስጥ መኪናውንና ፓስፖርቱን ጨምሮ ያለውን ንብረት በሙሉ አስፈጭቶ አስጣለ። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱን ዕቃ መዝግቦ ነበር፦ 7,227 ዕቃ። እኔ ከሥራው የምወደው መፍጨቱን ሳይሆን መዝገቡን ነው። የእኛው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜም ከመርካቶ የሚሰበስባቸውን የተጣሉ ሽቦዎችና የኮምፒውተር ሰሌዳዎች አንድ በአንድ እየመረጠ፣ እየጎነጎነ እንግሊዝ፣ ብሪስቶል ድረስ አሳይቷል። ለተጣለ ነገር እንዲህ ያለ ትዕግሥት አለ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ክምር ሲናድ ቆሼ ላይ ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ነዋሪው ከዚያም ይበልጣል ይል ነበር። የአንድ የለንደን ሰው ዕቃ እስከ መጨረሻዋ ሲቆጠር፣ በዚያ ቅዳሜ የተቀበሩት ሰዎች ቁጥር ማከራከሩ ሊያሳፍረን ይገባል።

ለቆሼም፣ ለሰዎቹም እንደ ላንዲ ያለ መዝገብ ያስፈልጋል። ግን ማን ይሥራው? ሠዓሊ ቢሠራው ሥራው ለንደን ወይም ቬኒስ ይሰቀል ይሆናል፤ ለቃሚዋ ምን ታገኛለች? መሥሪያ ቤት ቢሠራው መልሶ ቶን እንዳያደርገው እፈራለሁ። የሟቾቹ ቤተሰቦች መመዝገቡን ይፈልጉት እንደሆነስ? የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።