አሻጥረኛውን ማን ወለደው?

በቅርቡ በጎንደር ከተማ በአንድ ቀበሌ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተገኝተን ነበር። አጀንዳው የኑሮ ውድነት ነበር። ተናጋሪው ሁሉ በየተራ እየተነሣ ጣቱን በነጋዴው ላይ ከቀሰረ በኋላ፣ አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ጡረተኛ መምህር እጃቸውን አውጥተው፣ «ነገሩ የነጋዴው ብቻ አይደለም፤ የሕዝባችን ጠባይ ነው። ጉቦና ስስት በደማችን ውስጥ ያሉ ናቸው» ብለው ሲቀመጡ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከእርሳቸው ቀጥለው የተነሡት ከዳባት ድንችና ነጭ ሽንኩርት እያመጡ የሚቸረችሩ አንዲት እናት ነበሩ። «እኔን ሌባ ከማለታችሁ በፊት ከዳባት እስከዚህ ስንት ቦታ እንደምቆም ጠይቁኝ» አሉ። አጨብጫቢ አላገኙም፤ ጠያቂም አላገኙም። ስብሰባው በዚያው ተበተነ።

ይህን ጽሑፍ ያስነሣን ያ ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ ነው። የመምህሩን አስተያየት ግን አቃለን አናልፈውም፤ በየቢሮው፣ በየጠላ ቤቱ፣ በየአውቶቡሱ የሚሰማ፣ የተማረውም ያልተማረውም የተስማማበት አስተያየት ነውና። በውጭ አገር በትምህርት ላይ በነበርንበት ጊዜም ይህንኑ ቃል ከባዕዳን መምህራን አፍ ሰምተነዋል፤ እዚያ ግን በለዘበ ቋንቋ «ባህል» ይሉት ነበር። ሕዝብ ድሃ የሆነው በጠባዩ ነው የሚለው አመለካከት ለሰሚው የምሁር ቃል ቢመስልም በተግባር የሚያስከትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥፋቱ የሁሉም ከሆነ ተጠያቂ የሚሆን አንድም ሰው አይኖርም። ጉቦ የተቀበለው ሹምና ጉቦውን ለመክፈል ከልጆቿ ጉሮሮ የቀነሰችው ቸርቻሪ በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ።

የሕዝብ አመለካከት ከሰማይ አይወርድም፤ ከአኗኗሩ ይመነጫል። ለዚህ ከጎንደር የተሻለ ምስክር አናገኝም። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት ይህች ከተማ ዘመናዊ መንገድ ሳይታሰብ የንግድ መናኸሪያ ነበረች። አንደኛው የሲራራ መሥመር ወደ ሰሜን በምጽዋ በኩል ወደ ቀይ ባሕር፣ ሌላው ወደ ምዕራብ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይዘልቅ ነበር። ወርቅና የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ሰም፣ ቡናም ይወጣ ነበር፤ ሰውም ጭምር እንደ ዕቃ እየተሸጠ ይወጣ እንደነበር መደበቅ አይገባም። ታዲያ ይህን ሁሉ ያንቀሳቅስ የነበረው ማን ነው? በ1660 ዓ.ም. ገደማ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገው ጉባኤ ለብቻው እንዲሠፍር የተወሰነበትና ዛሬ አዲስ ዓለም በምንለው ሠፈር ይኖር የነበረው እስላም ነጋዴ ነበር። ብረቱን የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላውን የሚሠራው ደግሞ ርስቱን የተነጠቀው ቤተ እስራኤል ነበር። በጥቅሉ ሲታይ መሬት ያለው አይነግድም፣ አይቀጠቅጥም፤ የሚነግደውና የሚቀጠቅጠው መሬት የለውም። መሬትና ጠመንጃ ያለው የሚሠራው ሥራ በመተላለፊያው ላይ ተቀምጦ መቀበል ነበር።

የዚያ ሥርዓት አመለካከትም ከዚሁ ተወለደ። አንጥረኛውን «ጠይብ» ብሎ፣ በዓይኑ ይበላል እያሉ መሸሽ፣ ነጋዴውን «መጫኛ ነካሽ» ብሎ መስደብ የሥራ ክፍፍሉ ርእዮተ ዓለም ነበር። ከዚሁ ከጎንደር አገር፣ ከቋራ የተነሣው ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ እናቱ በችግር ቀን ኮሶ ሸጠው አሳደጉት ስለሚባል ባላጋራዎቹ መሳለቂያ ያደረጉት በዚህ ነበር። መሸጥ እንደ ወንጀል ሲነገር መቀማት ግን እንደ ጀግንነት ይዘፈንለት ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው የነገሩን ክብደት ያሳያል፤ ስድብ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዋጅ ባላስፈለገውም ነበር። አዋጁ ግን ስድቡን ከለከለ እንጂ ሰዳቢውን ከመተላለፊያው ላይ አላነሣውም።

ይህ መተላለፊያ ስም አለው፤ ኬላ ይባላል። በዚያ ዘመን የኬላ ሹም ደመወዝ አይቀበልም ነበር። ሹም አገር «ይበላ» ነበር፤ ቃሉ ራሱ ይናገራል። ለላይኛው ሹም እጅ መንሻ ሰጥቶ የያዘውን ቦታ ከመሻሩ በፊት ካላተረፈበት ከሳሪ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ዛሬ ለቀልድ ይነገር እንጂ በተነገረበት ዘመን ግልጽ የሒሳብ መግለጫ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ከአንዱ ሹም ግዛት ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ይከፍላል፤ የከፈለውን በአሞሌው ወይም በሸማው ዋጋ ላይ ይጨምራል፤ በመጨረሻ የሚከፍለው ገበያ ወጥቶ አንድ አሞሌ የሚገዛው ገበሬ ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመውን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለ መጽሐፋቸውን ሲጽፉ የኢኮኖሚን ነገር ከመጻሕፍት ብቻ አልቀዱትም፤ በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ሆነው ሠርተዋል። ስለ አገር ሀብት ከጻፉት ቀደምት ሰዎቻችን አንዱ የኬላ ሹም መሆናቸው ድንገተኛ ነገር አይመስለንም።

ዘውዱ ሲወድቅ ኬላው አብሮት ሊወድቅ ይገባው ነበር። አልወደቀም፤ ስሙን ለወጠ። ደርግ በ1960ዎቹ መጨረሻ ያቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው እህል በኮታና በተቆረጠ ዋጋ ይረከብ ጀመር፤ እህል ከአውራጃ አውራጃ እንዳይዘዋወር በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ዓላማው አሻጥረኛውን ነጋዴ ከመሐል አውጥቶ ለሠራተኛው ርካሽ እህል ማቅረብ ነበር ተባለ። በተግባር ግን የኮታው ዋጋ ከገበያው እጅግ ያነሰ ስለነበር፣ ምርቱ ያልበቃው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜ ነበር። ኬላ ጠባቂው ደግሞ በአህያ ሌሊት የሚሻገረውን ጆንያ እያየ እንዳላየ የሚሆንበትን ዋጋ ተማረ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ኮታው ሲቀር ትምህርቱ አልቀረም። እዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ካለብን፣ በዚያ ዘመን የዚህ ዓይነት ገጽ ላይ ይጽፉ የነበሩ የሙያ አባቶቻችን ስለ ነጋዴው አሻጥር ብዙ ቀለም ሲያፈስሱ ስለ ኬላው አንድ መሥመር አልጻፉም ለማለት እንደፍራለን።

ዛሬስ? የዳባትዋ እናት ያነሡት ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለማስረዳት ያህል እንዲህ እናስብ። በመንገዱ ላይ አራት ገመድ ተዘርግቷል፤ በእያንዳንዱ ላይ «ለሻይ» ተብሎ 500 ብር ይጠየቃል፤ ድምሩ 2,000 ብር ነው። 200 ኩንታል የጫነው ተሳቢ ይህን ሲከፍል በኩንታል 10 ብር ይደርስበታል። 40 ኩንታል የጫነው አይሱዙ ያንኑ 2,000 ብር ሲከፍል በኩንታል 50 ብር ይሆንበታል። በሰው መኪና ላይ አምስት ጆንያ ያስጫነችው ቸርቻሪ ደግሞ የሹፌሩን ድርሻ ተካፍላ፣ ገመድ ጠባቂው ጆንያዋን ለብቻው «ይህስ የማነው?» ሲል ሌላ ትጨምራለች። ገመዱ ጭነት አይመዝንም፤ ሰው ይመዝናል። ትልቁ ነጋዴ ስልክ ደውሎ ጭራሽ ሳይቆም የሚያልፍበት ጊዜም አለ።

እንግዲህ አንባቢ የሚከተለውን ልብ ይበል። በሽንኩርቱ ዋጋ ላይ የሚጨመረው 10 ወይም 50 ብር የጉዳቱ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ጉዳት ትንሿ ነጋዴ ሁለት ሦስት ጊዜ ከስራ ሥራውን መተውዋ ነው። ሃያ ቸርቻሪ ያመጣው የነበረውን ድንች ሁለት ሰው ያመጣዋል። ሁለት ሰው ደግሞ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሻይ እየጠጣ ዋጋ ሊቆርጥ ይችላል፤ መጋዘን ዘግቶ ሊጠብቅ ይችላል። ያን ጊዜ እኛ በቀበሌ አዳራሽ ተሰብስበን አሻጥረኛውን ነጋዴ እንረግማለን። አሻጥረኛው አለ፤ አልካድንም። ነገር ግን ያሳደገው ገመዱ ነው፤ ተወዳዳሪዎቹን አንድ በአንድ እያነቀ ሜዳውን የጠረገለት ገመዱ ነው። ለነጋዴ ያለን የቆየ ንቀት ደግሞ ለገመዱ ጋሻ ይሆነዋል፤ የተናቀ ሰው ሲዘረፍ «የእጁን አገኘ» እንጂ «ተዘረፈ» አይባልም።

በመተማ በኩል ያለው ነገር ከዚህ የባሰ ቢሆን እንጂ አይሻልም። የመተማና የሁመራ ቆላ ሰሊጥ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙ ምርቶች ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ሕጋዊው መንገድ በወረቀትና በመቆሚያ በተሞላ ቁጥር ሕገ ወጡ መንገድ ያጥራል፤ ሰሊጡና ከብቱ በጫካ ወደ ሱዳን ይሻገራል፣ ልባሽ ጨርቁ በጫካ ይገባል። ኮንትሮባንዲስቱን የወለደው የአገር ፍቅር ማጣት ነው ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ የወረቀቱን ብዛት መቁጠር ግን ሥራ ይጠይቃል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሱዳን ጦርነት፣ በክልላችንም ግጭት ተነሥቶ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት መሣሪያ የያዘ ሁሉ የራሱን ገመድ የሚዘረጋበት ሁኔታ ተፈጥሯል። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የገመድ ጠባቂው ደመወዝም እንደ ማንኛችንም ደመወዝ ሟሟ። ይህን የምንለው ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም፤ ደመወዙ ወር የማያደርሰውን ሰው በመንገድ ላይ በሥልጣን ማቆም የጥንቱን «አገር መብላት» በአዲስ የደንብ ልብስ መመለስ መሆኑን ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ጡረተኛው መምህር እንመለስ። ሙስና በደማችን ውስጥ ከሆነ በሁሉም ሥራ ላይ እኩል መታየት ነበረበት። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ኢትዮጵያ ያወጣው ጥናት ግን በጤና፣ በትምህርትና በገጠር ውሃ የሚታየው ሙስና ከብዙ ድሃ አገሮች ያነሰ ሊሆን እንደሚችል፣ በመሬት ዘርፍ ግን ከባድ መሆኑን ገልጿል። ያው ሕዝብ፣ ያው ደም! ልዩነቱ አንዱ ዘርፍ አንድ ባለሥልጣን ብቻውን ፈርሞ ብዙ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስበት መሆኑ ነው።

ከሩቅ ምሳሌ ካስፈለገ የሶቪየት ኅብረት አካል የነበረችውን ጆርጂያን እንውሰድ። የጆርጂያ የትራፊክ ፖሊስ በመንገድ ጉቦ የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ የአገሬው ሰው «ጠባያችን ነው» ይል ነበር። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዝርዝር አገሪቱ ከ133 አገሮች 124ኛ ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት መላውን የትራፊክ ፖሊስ አሰናብቶ በአዲስ ምልመላና በተሻለ ደመወዝ ሌላ አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዝርዝር ጆርጂያ ከ180 አገሮች 49ኛ፣ አገራችን 98ኛ ናቸው። ጆርጂያ ሌላ ጣጣ የለባትም ማለታችን አይደለም፤ ብዙ አለባት። ሕዝቧ ግን በአንድ ክረምት አልተለወጠም፤ የተለወጠው መንገድ ላይ የቆመው ሰውና ያቆመው ደንብ ነው።

በእኛም አገር ሕግና ተቋም አልጠፋም። የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ኮሚቴ ተሠይሟል። ኮሚሽኑ ግን ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ አይውልም። ከዚያ የሚውለው የቀበሌው ነዋሪና ሠራተኛው ነው። እርሱም ከራሱ ደጅ የሚጀምርበት ሥራ አለው። በየቀበሌው የሸማቾች ማኅበር ስኳርና ዘይት ሲመጣ ስንት ኩንታል ገባ፣ ለማን ተሰጠ የሚለው መዝገብ አለ። በጓሮ በር የወጣ አንድ ኩንታል ስኳር ከደባርቅ መንገድ ገመድ በምንም አይለይም፤ ልዩነቱ ጠባቂው ጎረቤታችን መሆኑ ነው። «ጎረቤቴ ነው፣ ዕድርተኛዬ ነው» ብለን ዝም የምንለውም ለዚህ ነው። የሕዝብ ጠባይ የሚባል ነገር ካለ እኛ የምናውቀው ይህን ዝምታ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከደም የመጣ ሳይሆን፣ ተናግሮ ያተረፈ ሰው ካለማየት የመጣ ነው።

ከስብሰባው ሁለት ሳምንት በኋላ ወደዚያው ቀበሌ ተመልሰን ነበር። ነዋሪዎቹ የሸማቾች ማኅበሩን መዝገብ የሚያዩ ሦስት ሰዎች መርጠዋል፤ ከሦስቱ አንዷ የዳባትዋ ነጋዴ ናቸው፣ ሌላው ጡረተኛው መምህር። መጋዘን ጠባቂው መዝገቡ ያለበት ሣጥን ቁልፍ ከሒሳብ ሹሙ ዘንድ ነው አለ፤ ሒሳብ ሹሙም ቁልፉ ከሊቀ መንበሩ ዘንድ ነው አለ፤ ሊቀ መንበሩ ለስብሰባ ወጥተዋል ተባለ። ሦስቱ ሰዎች አግዳሚ ወንበር አውጥተው በመጋዘኑ ደጃፍ ተቀመጡ። ቁልፉ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ።