ገበሬና ሽርሽር ምን አገናኛቸው?

«ገበሬና ሽርሽር ምን አገናኛቸው?» ብሎ ሳቀ ወዳጄ። ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ የመጣ እንግዳዬ ነበርና የእንግዳ ነገር ሆኖብኝ አብሬው ፈገግ አልኩ። አሁን አገሩ በሰላም ገብቷል። ያኔ የዋጥኩትን መልስ እነሆ፤ አንባቢ ይፍረደን!

የምኖረው ዌልስ ውስጥ፣ ፔምብሩክሺር በምትባለው አውራጃ ነው። ጎረቤቴ ሰባ ዓመት የተጠጋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ገበሬ ናቸው። ያላቸው አሥራ ሁለት ኤከር መሬት (አምስት ሄክታር ቢሆን ነው)፣ ሠላሳ አንድ በጎች፣ ጥቂት ዶሮዎችና ሞስ የሚባል የበግ ውሻ ነው። ለእኛ ገበሬ ይህ ሰፊ ርስት ሊመስል ይችላል፤ በዚያ አገር ሚዛን ግን ከትንንሾቹ ተርታ ነው የሚቆጠሩት። ወር ከወር የሚከፍላቸው ጌታ የለም፤ «ዛሬ ፈቃድ ላይ ነኝ» የሚሉት አለቃም የለም። በግ ደግሞ እሑድን አያውቅም።

በዓመት አንድ ሁለት ቀን ብቻ ባሕር ዳር ይወርዳሉ። በበጋ አይሆንላቸውም፤ በዌልስ ብዙው የባሕር ዳርቻ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 23 እስከ መስከረም 20 ድረስ በከፊልም ሆነ በሙሉ ለውሻ ዝግ ነውና። ያለ ሞስ ደግሞ አይሄዱም። ስለዚህ ዋናተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ በጥቅምት ብርድ፣ እሳቸው ይወጣሉ። ያን ቀን ጎህ ሳይቀድ በጎቻቸውን ቆጠሩ፣ ለዶሮዎቹ በተኑ፣ ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት ከሰንጠረዡ አዩና ሦስታችንን አሳፍረው ኒውጌል ወሰዱን፤ ሦስተኛው ውሻው ነው።

መጀመሪያ በገደሉ አፋፍ በእግር ተጓዝን። መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1970 የተከፈተው፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የፔምብሩክሺር የባሕር ዳር መንገድ ነው፤ በ2012 ደግሞ ዌልስን በባሕሩ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሚያካልለው 1,400 ኪሎ ሜትር መንገድ ጋር ተጋጥሟል። ለመኪና ማቆሚያ ካልሆነ በስተቀር ለእግር ማንም ሳንቲም አይጠይቅም። መንገዱ የሰው በጎች በሚግጡበት ሜዳ ሲያልፍ ሴትዮዋ ከኪሳቸው ገመድ አውጥተው ሞስን አሰሩት። ዕድሜ ልኩን በግ ሲጠብቅ የኖረ ውሻ! ግን ከ1953 ጀምሮ የሰው ከብት ያስበረገገ ውሻ ባለቤቱን በሕግ ያስጠይቃል፤ እሳቸውም በሌላው ቦታ ሆነው ያውቁታል።

አሸዋው ላይ ተፈታ። ደረቱን ከመሬት አጣብቆ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ የሚመጣውን ሞገድ ሁሉ እንደ መንጋ ሊመልስ ይታገል ጀመር። ሴትዮዋ ጠጠሩ ላይ ተቀምጠው ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀዱና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ዝም ብለው አዩት። ወዳጄ የሳቀው ይኼኔ ነው።

ለመሆኑ ምን ያስቃል? የእኛ የከተማ ሰው ገበሬን የሚያውቀው በሁለት መልክ ነው። በስብሰባ ላይ «የአገር ዋልታ» ይለዋል፤ ቡና ቤት ሲገባ ደግሞ «በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 ባለወልድ እያለ ሥራ የሚፈታ» ይለዋል። (የደረሰ አዝመራ ዝናብ እየመታው ለምን ይከበራል በሚለው ላይ እኔም እከራከራለሁ፤ ያ ግን ሌላ ነገር ነው።) ይህን የሚለው ማን ነው? ቅዳሜና እሑድን ተኝቶ የሚያረፍድ ደሞዝተኛ! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቆራረጠ ዕረፍት ሰጥቶታል፤ የራሱን ማሳ የሚያርሰውን ግን አይመለከተውም። ደግሞስ በሚካኤል ዕለት ሞፈሩ ቢሰቀል በሬው ሳር አይፈልግም? ሚስቲቱስ ውሃና እንጨቱን ለማን ትታ ነው የምታከብረው?

ባሕር ሲነሳ የእኛ ሰው የሚታየው ወደብ ብቻ ነው። እሺ፣ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የለንም። ሐይቅስ? ወዳጄ በየጊዜው ላንጋኖና ቢሾፍቱ ወርዶ አሳ በልቶ ይመለሳል። የሚገባው በሆቴል በር፣ መግቢያ ከፍሎ ነው። በዚያ በር ሁለት ልጆቹንና ውሻውን አስከትሎ፣ ውሃውን ብቻ አይቶ ሊመለስ የመጣ የአካባቢው ገበሬ ሲገባ አይቶ ያውቃል? ዘበኛው ምን የሚለው ይመስለዋል? በየካቲት 1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ አደባባይ የወጣን ሰዎች የውሃውን ዳር ለማን አልነው?

አመሻሽ ላይ ስንመለስ አንዲት በግ በጀርባዋ ተንጋላ፣ እግሮቿን ወደ ሰማይ ሰቅላ አገኘናት። በግ እንዲህ ከሆነች ብዙ ጊዜ በራሷ መነሳት ያቅታታል፤ ሆዷ ውስጥ አየር ይታመቃል፣ ካልደረሱላት ትሞታለች። ሴትዮዋ ተንበርክከው ገለበጧትና እግሯ እስኪጸና በጉልበታቸው መሐል ደግፈው ያዟት። ወዳጄ የረታ መስሎት «አየህ! ቤታቸው ቢውሉ ኖሮ…» አለኝ፤ ይባስ ብሎም ለእሳቸው በእንግሊዝኛ ደገመላቸው።

«ሐሙስ ዕለትም ተገልብጣ ነበር» አሉት፣ ዓይናቸውን ከበጓ ሳይነቅሉ። «ሐሙስ ቤቴ ነበርኩ።»

ከዚያ ሞስን ጠርተው የቀሩትን ሊቆጥሩ ሄዱ። ወዳጄ አዲስ አበባ ላይ ወሬውን ሲያወራ ይህን ይዘለዋል አሉ።