የተፈጥሮ ሀብት ትምህርት ምርጫ የገበሬ ማኅበሩም ጉዳይ ነው

ከየገበሬ ማኅበሩ የወጡ ልጆችና በየማኅበሩ ተመድበው የሚሠሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው ለሁለተኛ ዲግሪ መመዝገባቸው እየተለመደ መጥቷል። ከሚመርጧቸው የትምህርት ዓይነቶች አንዱ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ነው። ነገሩ ሲታይ የተማሪውና የዩኒቨርሲቲው ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ተማሪው ተመርቆ ሲወጣ እርከን የሚቀይሰው፣ የትኛው ተራራ ይከለል፣ ጎርፉስ በየት ይቀልበስ ብሎ የሚመክረው በገበሬው መሬት ላይ ነው። ምክሩ ቢሳሳት የሚታጠበው የገበሬው አፈር ነው እንጂ የተመራቂው ዲግሪ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ በብዙ ቦታ ቀበሌ እየተባለ የሚጠራው የገበሬ ማኅበር መሪዎች በዚህ ምርጫ ላይ ሐሳብ ሊሰጡበት ይገባል እንላለን።

የጉዳዩን ክብደት ለመገመት አንድ አኃዝ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1981 በኢትዮጵያና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በወላይታ ጉኑኖና በሌሎችም ጣቢያዎች ጎርፉንና ጎርፉ የሚወስደውን አፈር ለዓመታት ሲለካ ቆይቷል። የፕሮጀክቱ መሪ የነበሩት ሐንስ ሁርኒ እንደገመቱት፣ ከታረሰ መሬት ላይ በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር ይታጠባል። ይህም 420 ኩንታል ማለት ነው። ከአንድ ሄክታር መሬት 420 ኩንታል እህል ያስገባ ገበሬ በየትኛው ማኅበር ይገኛል?

ይህን ለመከላከል ብዙ ተለፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም በየተዳፋቱ እጅግ ብዙ እርከን ተሠርቶ ነበር። ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን በብዙ ቦታ ፈርሷል። የመፍረሱ ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። ገበሬው ሳይመክርበት መሠራቱ አንደኛው ነው። ሌላው የሙያ ጉድለት ነው። ዝናብ አጠር በሆነ አገር ውሃ የሚያቁር፣ ዝንባሌ የሌለው ክትር እርጥበት ስለሚይዝ ይጠቅማል። ይኸው ክትር ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ሲሠራ ግን ውሃ ይተኛበታል፤ ሰብሉ ይወይባል፤ አይጥ ይራባበታል። እንዲህ ባለው አገር ትርፉን ውሃ ቀስ አድርጎ ወደ ማፋሰሻ ቦይ የሚመራ፣ መጠነኛ ዝንባሌ ያለው እርከን ያስፈልጋል። ስለሆነም ክትሩን የናደ ገበሬ ሁሉ አላዋቂ አልነበረም። ሰብሉን ለማዳን ብሎ ውሃውን የለቀቀም ነበረበት።

የትምህርት ምርጫው ቁም ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ እንደሚባለው፣ ዕውቀቱ ከመሬቱ ጋር መግጠም አለበት። በአገራችን የሚመረጥ ተቋም አልጠፋም። ቀድሞ አለማያ ይባል የነበረው ሐሮማያ በግብርና ትምህርት አንጋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የተመሠረተውና አሁን በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ወንዶ ገነት በደን ትምህርት ይታወቃል። በ1986 በውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት የተጀመረው አርባ ምንጭ ደግሞ በመስኖና በውሃ ምሕንድስና ስም አለው። ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ መነሻዎች አንዱ በ1993 በመቀሌ ሥራ የጀመረው የደረቅ አካባቢ ግብርና ኮሌጅ ነው። የዲግሪዎቹ ስም ቢመሳሰልም ውስጣቸው ይለያያል። አንዱ ወደ ደን ያደላል፣ ሌላው ወደ አፈርና ውሃ ሥራ፣ ሌላው ወደ አካባቢ ሕግና ፖሊሲ። በመሆኑም ስሙን ብቻ አይቶ መመዝገብ የበሬውን ቀንድ አይቶ እንደ መግዛት ነው።

ታዲያ ከመመዝገብ በፊት ምን ይጠየቅ? አንደኛው ጥያቄ፦ የማኅበራችን ዋና ችግር ምንድን ነው? ቦረቦር ነው? ውሃ የሚተኛበት ዋልካ መሬት ነው? በአሲድ የተጎዳ አፈር ነው? ወይስ የተመናመነ ደን? ተማሪው ለችግሩ መልስ የሚሆኑትን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ከተቋሙ አግኝቶ ያንብብ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የመስክ ሥራው የትና መቼ ነው? አብዛኛው አፈር የሚታጠበው በክረምቱ መግቢያ፣ መሬቱ ታርሶ ለስልሶ ሰብል ሳይሸፍነው ነው። ሥራቸውን እንዳይለቁ በክረምት ወራት የሚሰጠውን ትምህርት የሚመርጡ ሠራተኞች አሉ፤ ችግራቸውም ይገባናል። ነገር ግን ጎርፍ ሲወርድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ፣ በጥር መጥቶ ደረቁን ቦይ ብቻ ለክቶ የሚሄድ ተማሪ የቁስሉን ጠባሳ እንጂ ቁስሉን አያይም። የክረምቱ ትምህርት ግድ ከሆነ፣ ቢያንስ ለመመረቂያ ጥናቱ አንድ ሙሉ ክረምት በተዳፋት ላይ እንዲያሳልፍ ከአማካሪ መምህሩ ጋር አስቀድሞ ይስማማ።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ጥናቱ ገበሬውን ያነጋግራል ወይ? ከሳተላይት በተነሣ ምስል የደኑን መመናመን በኮምፒዩተር ማጥናት ጠቃሚ ነው፤ ወጪውም ያነሰ ነው። ሆኖም ገበሬው ክትሩን ለምን እንደሚንድ ምስሉ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የኮንሶን እርከን ለብዙ ትውልድ ገንብተው ያቆዩት የአገሩ ገበሬዎች ናቸው። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ለመመዝገብ ተማሪውን ወደ ሽማግሌዎች የሚልክ ትምህርት ይመረጣል።

አራተኛው ጥያቄ፦ ውጤቱ ተመልሶ ይመጣል ወይ? የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ማደሪያውም የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ነው። መሬቱን ያስለካ፣ ለጥያቄ ቀኑን ሠውቶ የተቀመጠ ገበሬ ግን የተገኘውን በራሱ ቋንቋ የመስማት መብት አለው።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ እንደሚኖሩ እናውቃለን። «ሰው የሚማረው ለራሱ ዕድገት ነው፤ ማኅበሩ ምን አገባው?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ደመወዝ ያንሰዋል፤ ቤተሰብ አለው፤ የደረጃ ዕድገትም ይፈልጋል። ማንም ሰው የማይወደውን ትምህርት እንዲማር ይገደድ አላልንም። ነገር ግን የሠራተኛው ዕድገትና የመሬቱ ጥቅም የግድ አይጋጩም። ጥናቱን በሚያውቀው ተፋሰስ ላይ የሚሠራ ተማሪ መንገዱን፣ ሰዉንና መሬቱን ስለሚያውቅ ሥራው ይቀልለታል። ማኅበሩም ሊረዳው ይችላል።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ሆይ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚዘጋጅ ልጅ ወይም ሠራተኛ በመካከላችሁ እንዳለ ስትሰሙ ሳይመዘገብ ጥሩት። አንድ ቀን ሰጥታችሁ ከተራራው ጫፍ እስከ ወንዙ ዳር መሬቱን አብራችሁ ዙሩ። የጸናውን እርከንም የፈረሰውንም አሳዩት፤ ያፈረሰው ገበሬም ያለ ፍርሃት ምክንያቱን ይንገረው። ስለ ግጦሽ ክልከላና ስለ እርከን ጥገና ያወጣችሁትን መተዳደሪያ ደንብ አስነብቡት። ለጥናቱ የሚሆን ቦታ ስጡት፤ የዝናብ መለኪያውን በየማለዳው አንብቦ የሚመዘግብ ወጣት መድቡለት። በምላሹ አንድ ቃል ብቻ አስገቡት፦ ጥናቱ ሲያልቅ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆሞ ያገኘውን እንዲያስረዳ፣ ዋናውንም ፍሬ ነገር ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ በጥቂት ገጽ ጽፎ ለማኅበሩ እንዲተው።

የበጋው የተፋሰስ ሥራ ሲደርስ ያ ጽሑፍ በእጃችሁ ይኖራል። ክትሩ ውሃ ይያዝ ወይስ ያፋስስ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ በመሬታችሁ ላይ የተለካ መልስ ይዛችሁ ትከራከራላችሁ። ሕዝቡ በጉልበቱ የሚሠራው እርከን ከርሞ እንዳይፈርስ ዝግጅቱ መጀመር ያለበት ተማሪው የምዝገባ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ነው።